የባሕር ማዶ የዓሣ ገበያ ሕግ፣ የጣና መረብና ከጉና የሚነሡ ወንዞች

ዓሣ ለመያዝ በተዘረጋ መረብ ያልተፈለገ ፍጡርም አብሮ ይያዛል። ይህንን ጉዳት ለመቀነስ ታስቦ የወጣው የአሜሪካ ደንብ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ደንቡ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚገባ የባሕር ዓሣ ዓሣ ነባሪንና ዶልፊንን በሚፈጅ መንገድ ያልተያዘ መሆኑን ሻጩ ሀገር እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል።

የባሕር ጠረፍ የሌላት ኢትዮጵያ በዚህ ደንብ በቀጥታ አትነካም። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ማለትም ዓሣው የት፣ መቼና በምን ዓይነት መረብ ተያዘ የሚለው፣ በጣና ሐይቅም ሲነሣ የኖረ ጥያቄ ነው። የመልሱ ከፊል ደግሞ የሚገኘው በሐይቁ ዳርቻ ሳይሆን በእስቴና በጋይንት ተዳፋት ማሳዎች ላይ ነው።

ደንቡ ምን ይላል?

የደንቡ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የአሜሪካ የባሕር አጥቢ እንስሳት ጥበቃ ሕግ ነው። የባሕር አጥቢ እንስሳት የሚባሉት እንደ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ያሉ፣ በውኃ ውስጥ ቢኖሩም እንደ ላምና በግ ወልደው የሚያጠቡ፣ በሳንባቸውም የሚተነፍሱ ፍጥረታት ናቸው። አየር ለመሳብ በየጊዜው ወደ ውኃው ገጽ መውጣት ስላለባቸው በመረብ ከተተበተቡ ታፍነው ይሞታሉ። በመላው ዓለም በዚህ መንገድ በየዓመቱ ከ300 ሺህ በላይ ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች እንደሚሞቱ ይገመታል።

ሕጉ የአሜሪካ አስጋሪዎች የሚያደርሱትን ጉዳት እንዲቀንሱ ካስገደደ በኋላ፣ የውጭ አስጋሪዎችም በተመሳሳይ መለኪያ እንዲመዘኑ ደነገገ። አሜሪካ ከምትመገበው የባሕር ምግብ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ግዴታው በሀገር ውስጥ አስጋሪ ላይ ብቻ ቢጣል እንስሳቱም አይድኑም፣ አስጋሪውም በገበያው ይበደላል የሚል ነበር ምክንያቱ።

ድንጋጌው ግን ለአሥርት ዓመታት ሙሉ በሙሉ ሳይተገበር ቆየ። ዝርዝር የማስፈጸሚያ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ነው። ሀገራት እንዲዘጋጁ የተሰጠው የአምስት ዓመት ጊዜ ተደጋግሞ ተራዘመ። በመጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት በመውሰዳቸው ከመንግሥት ጋር በተደረሰ ስምምነት የጊዜ ገደቡ ተቆረጠ።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ዓሣ ላኪ ሀገር የማስገር ሥራውን በዘርፍ ከፋፍሎ ያስመዘግባል። አንድ ዘርፍ ማለት የተወሰነ የዓሣ ዓይነት፣ በተወሰነ መሣሪያ፣ በተወሰነ የውኃ ክፍል የሚያዝበት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ዘርፍ ምን ያህል አጥቢ እንስሳት ሳይታሰብ እንደሚያዙ፣ ይህንን የሚከለክል ሕግ መኖሩን፣ ሕጉ መከበሩን የሚከታተልና የሚመዘግብ አካል መኖሩን ያስረዳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ማስረጃውን መርምሮ ጥበቃው ከአሜሪካው ጋር የሚመጣጠን መሆን አለመሆኑን ይወስናል። ተመጣጣኝ አይደለም የተባለ ዘርፍ ዓሣው አሜሪካ አይገባም።

አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ ባደረገው ውሳኔ ከ130 በላይ የሆኑ ሀገራትን ወደ 2 ሺህ 500 የሚጠጉ ዘርፎች መርምሯል። ከእነዚህ ውስጥ የ46 ሀገራት 240 ዘርፎች ተቀባይነት አላገኙም። የተከለከለው ዘርፉ እንጂ ሀገሩ አይደለም፤ ስለዚህ የአንድ ሀገር ቱና ዓሣ ወደ ገበያው ሲገባ፣ በውኃ ውስጥ ቆሞ በሚቀር መረብ የተያዘው የዚያው ሀገር ሸርጣን ሊመለስ ይችላል።

ከቱና ዓሣ እስከ ቫኪታ

ገበያን በመዝጋት እንስሳትን የመጠበቅ ሐሳብ ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል። በምሥራቅ ሞቃታማ ሰላማዊ ውቅያኖስ የቱና መንጋዎች ከዶልፊኖች ሥር ሆነው ይዋኛሉ። አስጋሪዎች ይህንን ስለሚያውቁ ዶልፊኖቹን አይተው ዙሪያውን በትልቅ መረብ ይከቡ ነበር። ይህ ስልት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከ6 ሚሊዮን በላይ ዶልፊኖችን እንደፈጀ ይነገራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የሜክሲኮን ቱና ከገበያዋ አገደች፤ በዚያው ዓመት ዶልፊን ሳይጎዳ የተያዘ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት በጣሳ ዓሣ ላይ የሚለጠፍበትን መስፈርት በሕግ ወሰነች። ሜክሲኮ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፍ የንግድ ሸንጎ ወሰደች። ክርክሩ በተለያየ መልክ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ አሸናፊነት ተቋጨ።

ሌላው ምሳሌ ቫኪታ የተባለችው ትንሽ የዶልፊን ዘመድ ናት። የምትኖረው በሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ብቻ ሲሆን፣ ለሽሪምፕና ለሌሎች ዓሦች በሚዘረጋ መረብ ሳቢያ ቁጥሯ ወደ አሥር ገደማ ወርዷል። የአሜሪካ የንግድ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 በዚያ አካባቢ በእንዲህ ያለ መረብ የተያዘ ዓሣ እንዳይገባ አዘዘ። እገዳው ቁጥሯን መልሶ አላበዛውም። የገበያ ሕግ ዘግይቶ ከመጣ የሚያድነው ነገር ጥቂት እንደሆነ የሚያሳይ አብነት ሆኖ ይጠቀሳል።

ለኢትዮጵያ ምን ትርጉም አለው?

ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ የምታሰግረውም ከሐይቅ፣ ከወንዝና ከግድብ ነው። ስለዚህ የዓሣ ነባሪ ደንብ የጣናን አስጋሪ አይጠይቀውም። የገዢ ሀገር ሕግ ግን ለኢትዮጵያ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት በማግኘቷ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ ቀንሶ ነበር። ችግሩ በኋላ ከማሳው ሳይሆን ከጆንያው ብክለት ጋር ተያያዘ። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶች ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጡ አለመሆናቸው፣ የማሳው መገኛ ነጥብ ተመዝግቦ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የዚህ ደንብ ተፈጻሚነት በተደጋጋሚ ቢራዘምም ቡና ላኪዎችና ማኅበራት ማሳ ሲመዘግቡ ቆይተዋል።

እነዚህ ደንቦች ሁሉ የማስረዳት ሸክሙን በሻጩ ላይ ይጥላሉ። መዝገብ የሌለው አምራች ጥፋት ባይኖርበትም አለመኖሩን ማሳየት አይችልም። በአሜሪካው ደንብም ፈቃድ ካጡት ዘርፎች መካከል መረጃ ማቅረብ ባለመቻላቸው የወደቁ ይገኙበታል። በጣና ላይ ስንት ጀልባ፣ ስንት መረብ፣ በየወሩ ስንት ኪሎ ግራም ዓሣ ተያዘ የሚለው መዝገብ ለውጭ ገበያ ባይጠየቅም ለሐይቁ ለራሱ ያስፈልጋል።

ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች

ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። ለገበያ የሚቀርቡት ዋና ዋና ዓሦች ሦስት ወገን ናቸው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና በአካባቢው ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን።

ነጭ ዓሣ በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ ዝርያ አይደለም። የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ባደረጉት ጥናት 15 የተለያዩ ዝርያዎችን ለይተዋል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሐይቁን ከታችኛው ዓባይ ስለለየው፣ ዓሦቹ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ተራብተው በሌላ ቦታ የማይገኙ ሆነዋል። ከ15ቱ ስምንቱ መንጋጋቸው ጥርስ የሌለው ሆኖ ሳለ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሌላ የዓሣ ቤተሰብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ይኖር ነበር። ከሌላ ቦታ የመጡ አዳኝ ዓሦች ገብተው፣ ማስገሩም ከልክ አልፎ ስለነበር፣ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ከላናኦ ዓሦች 15 ዝርያዎች ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። የጣናው ወገን በዓለም ላይ ብቸኛ ቀሪ ሆኗል።

መረብ፣ ብርብራና ክረምት

ቀድሞ የጣና ማስገር በነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የደንገል ታንኳና በባሕር ዳርቻው የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ አስጋሪው ሐይቁን ሁሉ ደረሰ። ቆይቶ ደግሞ ከነጠላ የፕላስቲክ ክር የተሠራና በውኃ ውስጥ ለማየት የሚያዳግት ርካሽ መረብ ተስፋፋ። ይህ መረብ ቀዳዳው ጠባብ ሲሆን ገና ያልወለደውን ዓሣ ይይዛል። ተቆርጦ በውኃ ውስጥ ከቀረ ደግሞ ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መያዙን ይቀጥላል፤ ክሩም ቶሎ አይበሰብስም።

ጉዳቱ የሚከፋው በክረምት ነው። ቆሮሶ በሐይቁ ዳር ይራባል፤ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። አምባዛ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ይራባል። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎች ቢያንስ ሰባቱ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ሐይቁን ለቀው ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ መግቢያ ይሰበሰባሉ። በዚያ ስፍራ የተዘረጋ አንድ መረብ በሌላ ወቅት ብዙ ቀን የሚጠይቀውን ዓሣ በአንድ ሌሊት ይይዛል። የሚያዘውም ሊወልድ የተዘጋጀው ነው።

በወንዞቹ ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የመበተን ልማድ አለ። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው ታፍኖ ይንሳፈፋል። ብርብራ ትልቁን ከትንሹ፣ የሚበላውን ከማይበላው አይለይም። በቦታው የሚለቀመው የሞተው ከፊል ብቻ ሲሆን ጫጩቱ በጎርፉ ይወሰዳል። ዓሣ ነባሪ በሌለበት ሀገር ሳይታሰብ የሚደርስ የዓሣ ጥፋት እንግዲህ ይህን ይመስላል።

ውጤቱ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በደቡባዊው የጣና ክፍል፣ በወንዝ የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ፣ በቁጥር 80 በመቶ ገደማ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች ዘግበዋል። እነዚህ ዓሦች በዝግታ የሚያድጉና ዘግይተው የሚወልዱ በመሆናቸው የጠፋውን ለመተካት ዓመታት ይፈልጋሉ።

የሀገር ውስጥ ሕግ

ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን ያወጣችው በ1995 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ለንግድ ማስገር ፈቃድ እንዲያስፈልግ ያዛል፤ በመርዝና በፈንጂ ዓሣ መያዝን ይከለክላል፤ የመረብ ዓይነትን፣ የማስገሪያ ቦታንና ወቅትን ለመወሰን የሚያስችል ሥልጣን ይሰጣል። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅና የማስፈጸሚያ ደንብ አውጥቷል።

ሆኖም ሕጉን ማስፈጸም ከማውጣቱ ከብዷል። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ዓሣው የሚወርድበት ቦታ ብዙ ነው፤ ተቆጣጣሪው ጥቂት ነው። መሬት የሌለው ወጣት ጠባቡን መረብ የሚገዛው ርካሽና ብዙ የሚይዝ ስለሆነ እንጂ ሐይቁን ሊያጠፋ አስቦ አይደለም። በመግቢያ ወንዞች ላይ ለሦስት ወር ማስገር ሲከለከል በዚያ ጊዜ ቤተሰቡ ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ክልከላው በሌሊት ይጣሳል። የከተማው ፍላጎትም የራሱ ድርሻ አለው። የጾመ ፍልሰታ ወቅት ዓሦቹ ወደ ወንዝ ከሚወጡበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ በዚህ ወቅት የሚጨምር ፍላጎት በወንዝ መግቢያው መረብ ላይ ያርፋል።

ከጉና እስከ ሐይቁ

ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የጉና ተራራ ፋርጣ፣ እስቴ፣ ላይ ጋይንትና ጉና በጌምድር ይጋሩታል። ጉማራና ርብ የሚነሡት ከዚህ ተራራ አካባቢ ነው። ሁለቱ ወንዞች ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር ሆነው ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ያቀርባሉ።

ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጥርት ያለ ውኃ በሚፈስበት የጠጠር አልጋ ላይ ነው። በጠጠሩ መካከል የሚያልፈው ውኃ ለእንቁላሉ ኦክስጅን ያደርሳል። በሐምሌና በነሐሴ ከተዳፋት ማሳ ታጥቦ የሚወርደው ደቃቅ አፈር በጠጠሩ ላይ ሲተኛ ግን መተላለፊያው ይደፈናል፤ እንቁላሉም ይታፈናል። ስለዚህ በጉና ግርጌ እርከን ያልተሠራለት የገብስ ወይም የድንች ማሳ ለባለቤቱ የአፈር ኪሳራ ሲሆን ለዓሣው የመራቢያ ቦታ ማጣት ይሆናል። ከዚያ የተረፈው ደለል በፎገራ ሜዳ በኩል አልፎ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል።

ዓሣው በወንዙ ላይ ሌሎች መሰናክሎችም ይገጥሙታል። ለመስኖ በሞተር የሚሳበው ውኃ በበጋ የጉማራን ፍሰት ያሳሳዋል፤ በወንዙ ኩሬዎች የቀሩትን ጫጩቶችም ያደርቃል። ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር የእንቁላሉን አልጋ ይወስዳል። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው የመስኖ ግድብ ለፎገራና ለሊቦ ከምከም አርሶ አደሮች ውኃ ሲያቀርብ፣ ዓሦች ወደ ላይኛው ርብ የሚወጡበትን መንገድ ዘግቷል። በመሆኑም ግድብ የሌለበት የጉማራ ክፍል ለዝርያዎቹ ያለው ዋጋ ከቀድሞው ጨምሯል።

የስማዳና የታች ጋይንት ቆላማ አካባቢዎች ጉዳይ ይለያል። የእነርሱ ውኃ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ስለሚወርድ ጣና አይገባም። መድረሻው በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ንጋት ሐይቅ ነው። በዚያም ዓሣ ማስገር ተጀምሯል። የጣናው ስሕተት በአዲሱ ሐይቅ እንዳይደገም የመረብ ቁጥጥሩና መዝገቡ ከጅምሩ መያዝ ይኖርበታል። የአፈር ጥበቃው አስፈላጊነት ግን በሁለቱም ተፋሰሶች አንድ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ለላይኛው ተፋሰስ አርሶ አደር፦

- በተዳፋት ማሳ ላይ እርከን መሥራትና በየዓመቱ መጠገን። ከወንዝ ዳር የተወሰነ ስፍራ ሳይታረስ በሣርና በዛፍ ተሸፍኖ ቢቀር ጎርፉ የሚያመጣውን አፈር ያስቀራል።
- ብርብራን ወደ ወንዝ አለመበተን። ድርጊቱ በሕግ የተከለከለ ከመሆኑም በላይ ከታች ባለው መንደር ሰውና ከብት የሚጠጣውን ውኃ ያበላሻል።
- በጉማራና በገባሮቹ ላይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ጠጠርና አሸዋ ከመዛቅ መቆጠብ። በበጋ የመስኖ ተራ ሲወጣ ወንዙ ጨርሶ እንዳይደርቅ ውኃ ማስተረፍ።
- የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር ለሚያስቡ፣ ዝርያው ከአካባቢው ጋር መስማማቱን አስቀድሞ የወረዳውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ። ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል፤ ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን መራባቱ ይስተጓጎላል። ስለዚህ ለነፋስ መውጫ ዓይነት ደጋ አይሆንም፤ ለስማዳና ለታች ጋይንት ቆላ ግን ሊሆን ይችላል።
- ወደ ጣና በሚፈስ ተፋሰስ ውስጥ ከውጭ የመጣ የዓሣ ዝርያ ያለ ባለሙያ ፈቃድ ኩሬ ውስጥ አለመጨመር። ኩሬው በጎርፍ ከሞላ ዓሣው ወንዝ ይገባል፤ የላናኦ ጥፋት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

ለከተማ ነዋሪና ለነጋዴ፦

- በክረምት ነጭ ዓሣን ትቶ ቆሮሶን ወይም አምባዛን መምረጥ።
- እንቁላል የያዘና እጅግ ትንሽ ዓሣ አለመግዛት፤ ከየት እንደመጣም ሻጩን መጠየቅ።
- ሆቴሎችና ዓሣ ቤቶች ፈቃድ ካላቸው የአስጋሪ ማኅበራት ቢገዙና የገዙትን ቢመዘግቡ ሕጉን አክብሮ የሚሠራው አስጋሪ ገበያ ያገኛል።

ለቆሮሶም ሆነ ለነጭ ዓሣ የባሕር ማዶ ገዢ መጥቶ የመረቡን ቀዳዳ አይለካም። በሐይቁ ላይ ሕጉን የማስከበር ኃላፊነት የክልሉና የወረዳዎቹ ነው፤ ከላይ ያለውን አፈር የመያዙ ሥራ ደግሞ በየዓመቱ በበጋው የተፋሰስ ልማት ወቅት በእስቴ፣ በፋርጣና በጋይንት ቀበሌዎች የሚሠራ ነው። የዘንድሮው እርከን የሚፈተነው በመጪው ሐምሌ፣ ጎርፉ በሚወርድበትና ዓሣው ሽቅብ በሚወጣበት ወር ነው።